የተበላሸውን ሙከራ ከተማሪው አትደብቁ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ቁጥር ሀገሩ በሙሉ ስለ መቶኛ ያወራል። 3.3፤ በዓመቱ 3.2፤ ከዚያ 5.4። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ከግማሽ በላይ ያመጣው ተማሪ ስንት እንደሆነ በቃሉ የማይዝ ሰው የለም። አንዱ መምህሩን ይወቅሳል፣ ሌላው ፖሊሲውን፣ ሌላው ኩረጃ የለመደውን ትውልድ፣ ሌላው ጦርነቱን። እዚያ ክርክር ውስጥ ዛሬ አልገባም። የኔ ጥያቄ ስለወደቁት አይደለም። ያለፉትስ ምን ያውቃሉ? በባዮሎጂ 90 ያመጣች ልጅ በእርግጥ የምታውቀው ምንድን ነው?

ሚቶኮንድሪያ የሴል ኃይል ማመንጫ መሆኑን ታውቃለች። ሬዲ ስለ ሥጋና ስለ ትል አንድ ሙከራ እንደሠራ፣ ፓስተር አንገቱ የተቆለመመ ብልቃጥ እንደተጠቀመ ታውቃለች። ከ«ሀ» እስከ «መ» ከተደረደሩት ውስጥ ትክክለኛውን ማጥቆር ትችላለች። ይህችኑ ልጅ «ይህ ጭማቂ ስኳር በሽታን በ21 ቀን ያጠፋል፤ 40 ሰው ድኗል» የሚል የቲክቶክ ቪዲዮ አሳዩዋት። የምትጠይቀው ጥያቄ ፊደል ካልቆጠረው ጎረቤቷ ጥያቄ የተለየ አይሆንም። «እውነት ይሆን እንዴ?» ትላለች፤ ከዚያ ለእናቷ ሼር ታደርጋለች።

ልጅቱ ሰነፍ አይደለችም። 12 ዓመት ሙሉ የሙከራን ውጤት ስናስሸመድዳት ኖርን እንጂ ሙከራ እንዴት እንደሚበላሽ አንድም ቀን አላሳየናትም። የተበላሸ ምግብ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ሽታውን ከየት ያውቀዋል?

እስቲ ቤተ ሙከራ ያለው ትምህርት ቤት እንግባ። የቅጠሉ ሙከራ ይሠራል። ቅጠሉ በፈላ ውኃ ይነከራል፣ አረንጓዴው በአልኮል እንዲለቅ ይደረጋል፣ ከዚያ አዮዲን ጠብ ይደረግበታል። ስታርች ካለ ወደ ሰማያዊ ጥቁር ይለወጣል። አሁን የአንዱ ቡድን ቅጠል ቡናማ ሆኖ ቀረ እንበል። ቡድኑ ምን ያደርጋል? ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከጎረቤት ጠረጴዛ ይገለብጣል፣ «ሰማያዊ ጥቁር ሆኗል» ብሎ ይጽፋል፣ 10 ከ10 ይደፍናል። አንዱ የዋህ ያየውን ከጻፈ ግን «ሙከራው አልተሳካም» ተብሎ 4 ይሰጠዋል። በ15 ዓመቱ ትልቁን ትምህርት ተማረ ማለት ነው፦ ያየኸውን ከጻፍክ ትቀጣለህ፣ የሚፈለገውን ከጻፍክ ትሸለማለህ። ይህ ልጅ ነገ የላብራቶሪ ባለሙያ ሆኖ የእናንተን ደም ይመረምራል።

የሚያናድደው ደግሞ በዚያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ቅጠሎች ሁሉ ብዙ ባዮሎጂ የነበረው ያ ቡናማው ቅጠል ላይ መሆኑ ነው። ለምን ቡናማ ሆነ? ተክሉ ጨለማ ውስጥ አድሮ ስታርቹን ሌሊቱን ጨርሶት ይሆን? ተክል ሌሊትም ይተነፍሳል፣ ይበላል። አረንጓዴው በደንብ ስላልለቀቀ ቀለሙ ተሸፍኖ ይሆን? ወይስ ቅጠሉ የሽንኩርት ነው? ሽንኩርት ምግቡን ቅጠሉ ላይ የሚያስቀምጠው በስኳር መልክ ነውና አዮዲን ብታፈሱበትም አይጠቁርም። ወይስ አዮዲኑ ራሱ አርጅቷል? ይህን የመጨረሻውን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ቁራጭ ድንች ብቻ ነው። ድንቹ ላይ ጠብ አድርጉ፤ ድንቹ ከጠቆረ አዮዲኑ ደኅና ነው፣ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ማነጻጸሪያ የሚባለው ነገር ይኸው ነው። ያልተሳካለት ቡድን ይህን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይማረው ነበር። የተሳካላቸው ግን አዮዲኑ ቢያረጅ ኖሮ በምን እንደሚያውቁ ሳይጠይቁ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

«ላብ የለንም፣ ኬሚካል የለንም፣ ማይክሮስኮፑ ከተሰበረ ዓመቱ ነው» የሚለውን መልስ እዚህ ጋ ስጠብቀው ነበር። እውነት ነው፣ የለም። እንዳይገዛም አልልም። ግን ይህ ሰበብ ብዙ ዓመት አገልግሏል፤ ጡረታ ይውጣ።

ፍራንቸስኮ ሬዲ እ.ኤ.አ. በ1668 ምን ነበረው? ሥጋ፣ ብልቃጥ፣ ጨርቅና ዝንብ። ከአራቱ እኛ ጋ የሚጎድል የለም፤ ዝንቡማ ይተርፈናል። በዘመኑ የሚታመነው ትል ከበሰበሰ ሥጋ በራሱ ይፈጠራል ተብሎ ነበር። ሬዲ አንዱን ብልቃጥ ክፍት ተወው፣ ሌላውን ደፈነው። የተከፈተው ተላ፣ የተደፈነው አልተላም። ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ተማሪው «ሬዲ አረጋገጠ» ብሎ ጽፎ ገጹን ይገልጣል። ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ ነው። የተደፈነው ብልቃጥ ዝንብ ብቻ ሳይሆን አየርም አይገባውም፤ «ትሉ ያልተፈጠረው አየር ስላጣ ነው» ብሎ የሚከራከር ሰው መልስ የለውም ትላላችሁ? ሬዲ ይህ እንደሚመጣበት ገብቶታል። ስለዚህ ሌሎቹን ብልቃጦች በስስ ጨርቅ ሸፈናቸው። አየር ይገባል፣ ዝንብ አይገባም። ሥጋው አልተላም፤ ዝንቦቹ ከጨርቁ ላይ እየተሰበሰቡ ዕንቁላላቸውን እዚያው ጣሉ። ያ አንድ ክንድ ጨርቅ ከዛሬ ውድ መሣሪያ ይበልጣል፤ ከመጀመሪያው ሙከራ ውስጥ ቀዳዳውን ያገኘው ሰው ራሱ ሠሪው ነበርና። (በነገራችን ላይ ይኸው ሬዲ ተክል ላይ በሚያብጥ እባጭ ውስጥ ያሉት ትሎች በራሳቸው እንደሚፈጠሩ ማመኑን አልተወም። አንድ ጥሩ ሙከራ ሰውን በሁሉም ነገር ትክክል አያደርገውም።)

ከሰማንያ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1748 እንግሊዛዊው ቄስ ኒድሃም ጨዋታውን ገለበጠው። የበግ ሥጋ መረቅ አፈላ፣ ጠርሙስ ውስጥ ከቶ በቡሽ ዘጋ፣ ጥቂት ቀን ቆየ። መረቁ በደቃቃን ነፍሳት ተሞላ። «አፍልቼ ገድያቸዋለሁ፣ ዘግቻለሁ፣ እነሆ በራሳቸው ተፈጠሩ» አለ። ጣሊያናዊው ስፓላንዛኒ ሙከራውን ሲያየው ሁለት ነገር ጠየቀ። በቂ ጊዜ ፈልቷል? ቡሽስ በእርግጥ ይዘጋል? የጠርሙሱን አፍ ራሱን መስታወቱን አቅልጦ ደፈነው፣ አንድ ሰዓት ያህል አፈላው። ምንም አልወጣበትም። ኒድሃም እጁን አልሰጠም፤ «እንዲያ አድርገህ ስታፈላው የአየሩን ሕይወት ሰጪ ኃይል ገደልከው» አለ። ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጀመሪያ አንገቱ እንደ ዝይ የተቆለመመ ብልቃጥ የሠራው ይህን መልስ ለመዝጋት ነው። አየር እንደልቡ ይገባል፤ አቧራው ኩርባው ላይ ይቀራል፤ መረቁ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ብልቃጡን ዘንበል አድርገህ መረቁ ኩርባውን ነክቶ ከተመለሰ ግን ይበላሻል።

አሁን ልብ በሉ። ኒድሃምን ከታሪኩ ብታወጡት ያ የተቆለመመ አንገት ትርጉም የለውም። ተማሪው የሚያየው ቅርጹ የሚያስቅ ብልቃጥ ነው። እያንዳንዱ ጥሩ ሙከራ ለአንድ መጥፎ ሙከራ የተሰጠ መልስ ነው። ጥያቄውን ደብቀን መልሱን ብቻ ስናስሸመድድ ልጆቹ ባይገባቸው ይገርማል?

ከዚህ የበለጠ የሚደብቁን አንድ ምዕራፍ አለ፤ የፑሼ። ፑሼ የፓስተር ባላንጣ ነበር። ፓስተር በእርሾ መረቅ ይሠራል፣ ፑሼ በድርቆሽ ውኃ። ፑሼ ድርቆሹን አፍልቶ ተራራ ላይ ወጥቶ ብልቃጦቹን ከፈተ፤ ሕይወት ወጣባቸው። የፈረንሳይ አካዳሚ ኮሚሽን ለፓስተር ፈረደ፣ ፑሼ ከክርክሩ ወጣ፣ ነገሩ አለቀ ተባለ። ፓስተር ግን የፑሼን ሙከራ በድርቆሽ ውኃ ደግሞ አላሳየም። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ኮህንና ቲንዳል የተባሉ ሰዎች ምክንያቱን ደረሱበት፦ ድርቆሽ ላይ የሚኖረው ባክቴሪያ ውኃ ቢፈላ የማይሞት ስፖር ይሠራል። ፑሼ ድምዳሜው ስሕተት ነበር፤ ያየው ነገር ግን እውነት ነበር! ዛሬ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ተራ ውኃ ውስጥ ቀቅሎ የማይረካው፣ ኦቶክሌቭ ውስጥ ከቶ በግፊት 121 ዲግሪ የሚያደርሰው በዚህ ስፖር ምክንያት ነው። ፑሼ በእኛ ትምህርት ቤት ቢሆን 4 ከ10 ነበር የሚያገኘው።

የሩቁን እንተወውና ወደ ዓድዋ እንምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ከአሜሪካ ተምረው እንደተመለሱ ቢልሃርዝያ ለማጥናት ዓድዋ ወረዱ። የበሽታው ተሐዋሲ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት ውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል። ወንዙ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ዶክተሩ ከማጠቢያው በታች በኩል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አዩ። እዚህ ድረስ ያየነው አጋጣሚ ነው፣ ሙከራ አይደለም። ቀንድ አውጣዎቹን የገደላቸው የልብሱ እድፍ ሊሆን ይችላል፣ የውኃው መደፍረስ ሊሆን ይችላል። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ይዞ መግለጫ በሰጠ ነበር። አክሊሉ ለማ ከላይኛው የወንዙ ክፍል በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ሰበሰቡና ከሴቶቹ አንዷ የእንዶዷን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። አንድ ዕቃ፣ አንድ እፍኝ አረፋ። ከዚያ በኋላ የተከተለው ምርምር የሙሉ ዕድሜ ሥራ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት አስገኘላቸው።

ይህን ታሪክ ልጆቻችን የሚሰሙት፣ ከሰሙትም፣ እንደ ጀግና ገድል ነው። «ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት እንዶድን አገኙ»፤ ጭብጨባ፤ ቀጣይ ርዕስ። እኔ መምህሩን የምለው፦ ጭብጨባውን አቁምና ዕቃውን አምጣ። ለተማሪዎቹ እንዲህ በላቸው። ያ የዓድዋው ዕቃ ብቻውን ይበቃል? ጎኑ ላይ የወንዝ ውኃ ብቻ ያለው ሁለተኛ ዕቃ ቢኖርስ? በገበያ ሳሙና አረፋ የተሞላ ሦስተኛስ? እንዶዱ በምን ያህል መጠን ነው የሚገድለው? ዓሣውንስ አይገድልም ወይ? (ይገድላል፤ ለዚህም ነው ስለ መርዛማነቱ ብዙ መረጃ የተጠየቀው።) ከዚያም ወደ ወንዙ ውሰዳቸው። ዓድዋ ላይ ለዓመታት በእንዶድ ከተሠራ በኋላ በትናንሽ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርዷል ተብሎ ተመዝግቧል። ደስ ይላል። ጎበዝ ተማሪ ግን እጇን አውጥታ «በእነዚያው ዓመታት እንዶድ ያልተጨመረበት ወንዝ ዳር የሚኖሩት ሕፃናትስ?» ብላ መጠየቅ አለባት። ይህን ጥያቄ ድፍረት ነው፣ ታላቅን መናቅ ነው የሚል ሰው አክሊሉ ለማን አያውቃቸውም። እሳቸው የኖሩበት ጥያቄ ነው።

ዕቃ ይዞ ጥሩ ሙከራ እንደሚሠራው ሁሉ፣ ቢሊዮኖች ተይዞም መጥፎ ይሠራል። ጃፓን ውስጥ ሪከን የሚባል የምርምር ተቋም አለ፤ የመሣሪያ ችግር የሚባል አያውቅም። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ከዚያ የወጣ ጥናት «ተራ ሴል ቀለል ባለ አሲድ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ስትነክረው ወደ ግንድ ሴል ይለወጣል» አለ። ኔቸር መጽሔት አተመው። ዓለም ጉድ አለ። ከዚያ ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ሞከሩት፤ አልሆነም። ሥዕሎቹ ተነካክተው ተገኙ። በሐምሌ ጥናቱ ተሰረዘ። ሰባት ቡድኖች በድምሩ 133 ጊዜ ሞክረው አንድም ጊዜ አልሆነላቸውም። እንግዲህ «መሣሪያ ቢኖረን» የሚለውን ለቅሶ በዚህ ሚዛን ላይ አስቀምጡት።

በተለይ ግን በየትኛውም ሀገር የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ መግባት አለበት የምለው መጥፎ ሙከራ ከፈረንሳይ የመጣው ነው። መጋቢት 2012 በእኛ አቆጣጠር፤ ኮቪድ ዓለምን ሲዘጋ። ማርሴይ ያለ አንድ ቡድን ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለው መድኃኒት ቫይረሱን ከአፍንጫ ያጠፋል ብሎ ጻፈ። የታተመው የ36 ሰው ውጤት ነበር፤ 20 መድኃኒቱን የወሰዱ፣ 16 ያልወሰዱ። በ6ኛው ቀን ከወሰዱት 70 በመቶው ነጽተዋል፤ ካልወሰዱት 12.5 በመቶው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሳይቀር በትዊተር አወጀው።

አሁን ቁጥሩን እናንተው ቁጠሩት። መድኃኒቱን መውሰድ የጀመሩት 20 አልነበሩም፤ 26 ነበሩ። ስድስቱ የት ሄዱ? ሦስቱ ጸንቶባቸው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተዛወሩ። አንዱ ሞተ። አንዱ ከሆስፒታል ወጣ። አንዱ ስላቅለሸለሸው አቆመ። ስድስቱም ከስሌቱ ወጡ! የሞተው ሰው «መድኃኒቱ አልሠራለትም» ተብሎ አልተቆጠረም፤ ጭራሽ አልተቆጠረም። በዚህ ስሌት ከሄድን የሚሞተውን ሁሉ እያወጣን የቀረውን ብንቆጥር የቧንቧ ውኃም 100 በመቶ ያድናል። ንጽጽር የተባሉትም ቢሆኑ በዕጣ የተለዩ ሳይሆኑ ከፊሎቹ ከሌላ ሆስፒታል የመጡ፣ ያልፈለጉና ያልተመቻቸው ነበሩ። ጽሑፉ በገባ በማግሥቱ ተቀባይነት አገኘ፤ ከጸሐፊዎቹ አንዱ የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ነበር።

ይህን ሁሉ ለማየት ዶክትሬት አያስፈልግም። 26 ሲቀነስ 6 ይበቃል፤ የአራተኛ ክፍል ሂሳብ ነው። የጎደለው ሂሳቡ አይደለም፤ «የጎደሉት የት ሄዱ?» የማለት ልምድ ነው።

መልሱን የሰጠው በእንግሊዝ ሀገር የተካሄደው ሪከቨሪ የተባለ ሙከራ ነው። ሕመምተኞች በዕጣ ተለዩ፤ 1,561 ሰዎች መድኃኒቱን አገኙ፣ 3,155 አላገኙም። በ28 ቀን ውስጥ ካገኙት 27 በመቶ ሞቱ፣ ካላገኙት 25 በመቶ። አይሠራም ማለት ነው። የማርሴዩ ጽሑፍ በይፋ የተሰረዘው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ነው። አራት ዓመት ከዘጠኝ ወር።

እኛስ? በዚያው በመጋቢት 2012 በሀገራችንም ከባህል ሕክምና ዕውቀት ጋር ተጣምሮ የተሠራ የኮቪድ መድኃኒት የመጀመሪያ ምርምሩን አልፏል ተብሎ በይፋ ተነገረ። የዚያን ቀን ፌስቡክን ታስታውሳላችሁ። ባንዲራ፣ ጸሎት፣ «አፍሪካን እናድናለን»። ከዚያ ሁሉ የተማረ ሰው መካከል «ከምን ጋር ተነጻጽሮ? በስንት ላይ ተሞክሮ?» ያለ ስንት ነበር? የጠየቀም «ሀገር ጠል» ተባለ። ጥያቄው ግን ከሀገር ጋር ጠብ የለውም። ለማርሴይም ይጠየቃል፣ ለአዲስ አበባም ይጠየቃል።

የባህል ሕክምናን ልታጣጥል ነው የምትሉኝ ካላችሁ፣ ኮሶን አስቡ። አባቶቻችን ለኮሶ ትል ኮሶ ጠጡ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶችም ከእኛ ወስደው ሸጡት። ለምን ታመነ? ትሉ ሲወጣ ይታያላ! ጠዋት ጠጥተህ ማታ ውጤቱን በዓይንህ ታየዋለህ። ጉንፋን ግን ምንም ብትጠጣ በሳምንት ይለቅሃል፣ ምንም ባትጠጣም በሳምንት ይለቅሃል። በራሱ በሚለቅ በሽታ ላይ የተሞከረ መድኃኒት ሁሉ ፈዋሽ ይመስላል። ይህችን አንዲት ልዩነት የተረዳ ተማሪ የቲክቶኩን የጭማቂ ሻጭ አፍ ያስይዘዋል። ያልተረዳው ደግሞ፣ ቀልድ አይደለም፣ ስኳር ያለባት እህቱን ኢንሱሊን ያስተዋታል። የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ሕመምተኛ ያለ ኢንሱሊን ዓመት አይቆይም፤ የሚቆጠረው በቀንና በሳምንት ነው።

አንድ ከባድ ክርክር ይመጣብኛል፤ ከመምህራንም ሰምቼዋለሁ። «የሳይንስን ጉድ ለልጅ ካሳየኸው ሳይንስን አያምንም፤ ክትባትም እምቢ ይላል።» ቀላል ክርክር አይደለም፤ ኩፍኝ ዛሬም ልጆቻችንን የሚገድልበት ሀገር ነው ያለነው። ግን ተገልብጦ የቆመ ክርክር ነው። ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ ራሱ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት ላይ ከወጣ የ12 ልጆች ጽሑፍ። 12! ማነጻጸሪያ ቡድን የለውም፤ ልጆቹም እንደመጡ የመጡ ሳይሆኑ የተመረጡ ነበሩ። መጽሔቱ የሰረዘው በ2010 ነው። ዴንማርኮች ግን 537,303 ልጆችን ተከታትለው በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል ልዩነት እንደሌለ እ.ኤ.አ. በ2002 አሳይተው ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ክፍል ውስጥ ያየ ልጅ ነገ ዋትሳፕ ላይ «በጥናት ተረጋግጧል» የሚል መልእክት ሲደርሰው «ስንት ልጅ? ከማን ጋር?» ይላል። «ሳይንስ አይሳሳትም» ተብሎ ያደገው ግን የመጀመሪያውን ስሕተት ከሰማበት ቀን ጀምሮ ለማንኛውም ወሬኛ ክፍት ነው። እምነቱ መልሱ ላይ እንጂ መንገዱ ላይ አልነበረማ።

ስለዚህ የምጠይቀው ሕንፃ አይደለም፣ በጀትም አይደለም። የላብ ሪፖርት ላይ «ትክክለኛ ውጤት» ለሚለው የሚሰጠው ማርክ ይነሳ። ማርኩ ያየውን በትክክል ለጻፈና ለምን እንደዚያ እንደሆነ ላሰበ ይሰጥ። ሬዲ ሲነሳ ሬዲ ያልዘጋው ቀዳዳ ይጠየቅ፤ ፓስተር ሲነሳ ፑሼ ይነሳ። መምህሩ ጊዜ የለኝም ይላል፤ 60 እና 70 ልጅ የተጨናነቀበት ክፍል ነው፣ እውነቱን ነው። ግን ይህ ትምህርት ከቦርድና ከጠመኔ ሌላ የሚፈልገው የለም። የስድስቱን ሕመምተኞች ታሪክ ለመንገር አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ወላጅ የሆናችሁም ዛሬ ማታ እራት ላይ ልትነግሩት ትችላላችሁ።

ፈተና አውጪዎቹ ካልተለወጡ ግን መምህሩ አይለወጥም፤ ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር እዚህ ሀገር ትምህርት ውስጥ የለም። ለእነሱ አንድ ጥያቄ ላዋጣና ላብቃ። በነፃ ነው፣ ይውሰዱት፦

«አንድ ነጋዴ ለጉንፋን የሚሆን መጠጥ አዘጋጀ። 50 ሰዎች መውሰድ ጀመሩ። 8 ሰዎች ስላልተመቻቸው ተዉት፤ የት እንደደረሱ አልታወቀም። ከቀሩት 42 ውስጥ 40ዎቹ በአሥር ቀን ውስጥ ዳኑ። ነጋዴው ‹መድኃኒቴ 95 በመቶ ያድናል› ብሎ ማስታወቂያ ሠራ። ሀ) በዚህ ሙከራ ውስጥ ያያችሁትን ጉድለት ሁሉ ጻፉ። ለ) ከ500 ብር ባልበለጠ ወጪ እናንተ እንዴት እንደምትሠሩት ግለጹ።»

የሚጠቆር ምርጫ የለውም። አራሚ ይቸገር ይሆናል።